ድስት ቁጥር 17፦ የእናቴ እድር እንዴት እንደሸኛት

ሰው ስለበላበት ምግብ ቤት ይጽፋል፣ ስለገዛው ስልክ ይጽፋል። ስለ እድር አገልግሎት አስተያየት የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። በየወሩ እንከፍላለን፣ ቀብር እንሄዳለን፣ ከቀረን እንቀጣለን። አገልግሎቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምናየው የራሳችን ሰው ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዓይናችን በእንባ ተሞልቷል። እኔም ብዙውን ነገር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፣ እህቶቼን ጠየቅሁ፣ የቀረውን ጎረቤት ነገረኝ።

እናቴ ያረፈችው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። 86 ዓመቷ ነበር። ከዚህ ዕድሜዋ አርባ ዓመት የሚሆነውን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለውን የሰፈራችንን እድር ስታገለግል ኖራለች። አንድ ብር ተከፍሏት አያውቅም። እኔ ሦስተኛ ልጇ ነኝ። አግብቼ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የእማዬን መዋጮ ግን በየወሩ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ለትልቁ እድር 60 ብር፣ ለሴቶች እድር 30 ብር። ስለዚህ እንደ ከፋይም እንደ ሐዘንተኛም የምለው አለኝ። የሚያስመሰግን ብዙ ነገር አይቻለሁ። ያስከፋኝ ነገርም አለ፣ እሱንም አልደብቅም።

ከሌሊቱ ልጀምር።

እማዬ ያለፈችው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ባለቤቴ የጎረቤት መኪና ለምኖ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። የታኅሣሥ ብርድ ከእንጦጦ እየወረደ አጥንት ይሰብራል። እህቴን ብቻዋን አገኛታለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ከሰል አያይዛለች። ሁለቱ ሶፋውን ግድግዳ አስጠግተው ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት አንዲት ትልቅ ሴት እቅፍ አደረጉኝና «ልጄ፣ ትንሽ ቻይው። ሳይነጋ አይለቀስም፤ ሰው ይደነግጣል» አሉኝ። ትከሻቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጥሩምባው ተነፋ። የሰፈራችን ለፋፊ ድሮም ድምፁ ጎላ ያለ ነው። አሁን የቴሌግራም ቡድን አለ፣ መልእክት በስልክ ይላካል፣ ቢሆንም ጥሩምባው አልቀረም። መቅረትም የለበትም። በቴሌግራም የማያየው ሽማግሌ ብዙ ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል የእናቴን ስም ሲጠራ ከቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሞቷን አልጋዋ አጠገብ ቆሜ አላመንኩም ነበር። እሱ ሲጠራው ነው ያመንኩት።

አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተተክሎ አለቀ። ለድንኳኑ ማንም አልደወለም። ማንም «ስንት ነው?» አልተባለም። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ግማሹ መንገዱ ላይ ወጣ። ለእግረኛና ለባጃጅ ማለፊያ ግን ትተዋል። ወንበሩ በጋሪ መጣ። ንብረት ተቆጣጣሪው እየቆጠረ አስረከበ፦ 120 የፕላስቲክ ወንበር፣ 10 አግዳሚ፣ 6 ሰሌን። ታላቅ ወንድሜ ፈረመ። በዚያ ሰዓት እጁ እየተንቀጠቀጠ መፈረሙ ከብዶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። እቃው የሁሉም ነው። እማዬ ራሷ ሐዘንተኛን ሳታስፈርም አንድ ማንኪያ አውጥታ አታውቅም።

ድስቶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እማዬ የሴቶች እድር ንብረት ያዥ ነበረች። የእድሩ ድስት፣ ትሪ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ ሁሉ በእሷ እጅ ነው ያለፈው። ቁልፉ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ታስሮ ይኖር ነበር። እያንዳንዱ ድስት ጎኑ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም ቁጥር አለው። የጻፈችው እሷ ናት። ጽሕፈቷን የትም አውቀዋለሁ። ሰባትን ስትጽፍ ወገቡ ላይ ሰረዝ ታደርግበታለች፤ አራትን ከላይ ክፍት ትተወዋለች። የዚያን ቀን ጠዋት ሴቶቹ ድስቶቹን ጉልቻ ላይ ሲያስቀምጡ ከፊት ለፊቴ የነበረው 17 ቁጥር ነው። ሰባቱ ሰረዝ አለው። ለራሷ ለቅሶ የሚሆነውን ድስት በራሷ እጅ ቆጥራ አስቀምጣለች። እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ለመነሳት ጊዜ ፈጀብኝ።

ቁጥር የተማረችው በአርባ ዓመቷ ነው። መንዝ ነው የተወለደችው። ፊደል ሳታይ ነው ያደገችው፤ አዲስ አበባም የመጣችው ልጅ ሆና ነው። በ1971 ዓ.ም. መጨረሻ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌ አዳራሽ ሄዳ ተመዘገበች። ያስተማራት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የዚያን ጊዜ እኔ ጡት የጣልኩ ልጅ ነኝ፤ ጀርባዋ ላይ ሆኜ ነበር አሉ «ሀ ሁ» ስትል። የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ከሥላሴ ሥዕል ሥር ሰቅላው ነበር። ማንበብና መጻፍ በመቻሏ የሴቶች እድር እቃ እንድትይዝ ተመረጠች። መጀመሪያ የሠራችው ሥራ ሁሉንም እቃ ቁጥር መስጠት ነው። ከዚያ በፊት ድስት እየጠፋ ሴቶቹ ይጣሉ ነበር። ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ጠብ ቀረ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። እዚህ ላይ በጣም ያዘንኩበትም፣ በጣም የኮራሁበትም ነገር ተፈጠረ።

ሁለት ሰዓት ላይ የትልቁ እድር ጸሐፊ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ነው። እድሩ ይህንን በነፃ ይሠራል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ሐዘንተኛ ቤት ማን ብዕር ይይዛል? ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ትሑት ሰው ናቸው። ድሮ የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው፦ የትውልድ ቦታ፣ ዘመን፣ የልጆች ብዛት፣ የልጅ ልጆች፣ ሥራ። ሥራ የሚለው ላይ ሳይጠይቁኝ «የቤት እመቤት» ብለው ጻፉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይስተካከል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበል ልጄ?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ደመወዝ አልነበራት። ቢሮ አልነበራት። ቃሉ አልመጣልኝም። ዝም አልኩ።

መልሱ ከጓዳ መጣ። ሽንኩርት እየከተፈች የነበረች ሴት ቢላዋዋን እንደያዘች ወጣችና «በ77 ረሃብ ጊዜ የእድሩን ጥሬ ገንዘብ አስፈቅደው እህል አስገዝተው፣ ከወሎ መጥተው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለወደቁት ገንፎ ያስበሉት እሳቸው ናቸው፤ እሱን ይጻፉ» አለች። ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ገንፎውን ተሸክማ የምትሄደው እሷ ነበረች። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። እማዬ ነግራን አታውቅም።

ሌላዋ ቀጠለች። «ወልጄ ደም ሲፈሰኝ በወሳንሳ አሸክመው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።» ሌላዋ «ፖሊዮ ክትባት ሲመጣ ከጤና ጣቢያ ሠራተኞች ፊት ፊት እየሄዱ በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልመጡ ሰው በር አይከፍትም ነበር» አለች። ጸሐፊው መጻፍ ጀመሩ። ቅጹ ሞላ፤ ገልብጠው ጀርባው ላይ ጻፉ።

ከዚያ አንድ ሰው ተነሳ። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይሆናል። አላወቅሁትም። «እኔንና እህቴን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው» አለ። ያን ጊዜ አስታወስኩት።

ስለዚህ ዘመን ትንሽ ልቆይ፤ እድራችንን እድር ያደረገው ያ ጊዜ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤች አይ ቪ ሰፈራችንን ባዶ ሊያስቀር ነበር። ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከላል። በአንድ ሳምንት ሦስት ቀብር የሄድንበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። የሚሞቱት ወጣቶች ናቸው። የእድሩ ካዝና ተራቆተ። ሰው የሚሞትበትን በሽታ ስሙን አይጠራም፤ «ሳንባ ነው»፣ «ወፍ በሽታ ነው» ይባላል። የታመመ ሰው ቤት የሚገባም አልነበረም።

እማዬ ትገባ ነበር። ከሌሎች ስድስት ሴቶች ጋር ሆና የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥልጠና ወሰደች። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ጓንት እንዴት እንደሚደረግ፣ ቁስል እንዴት እንደሚጠረግ፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚገለበጥ። ከዚያ በየቀኑ ጠዋት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ትወጣለች። አንዳንዴ እኔ እከተላታለሁ። ሽታውን አልችለውም ነበር። እሷ ግን ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። በሽተኛውን አጥባ፣ አንሶላ ቀይራ፣ ፀጉሩን አበጥራ ትወጣለች። መንገድ ላይ ስትደርስ ነው የምታለቅሰው።

ያኔ ነው በእድሩ ጉባኤ ተነስታ የተናገረችው። ሴት በትልቁ እድር ጉባኤ መናገር ያልተለመደ ነበር። «ለሞተ ሰው ድንኳን ስንተክል ለሚሞተው ሰው ደግሞ ወተት እንግዛለት» አለች። ተከራከሩ። ደንቡ አይፈቅድም አሉ። ሦስት ጉባኤ ፈጀ። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ አባል በወር 50 ሳንቲም ለበሽተኞችና ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ያቺ 50 ሳንቲም ናት ይህንን ልጅና እህቱን ደብተርና ጫማ የገዛችላቸው። ማታ ማታ ደግሞ የሚበሉት ከእኛ ጋር ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር እማዬ ሥራዋ ተቀየረ። ሰዓት ሆነች። «ኪኒንህን ዋጥክ?» እያለች በየቤቱ ትዞራለች። ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ልጆች የወለዱ ሰዎች አሉ። ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ።

ጸሐፊው አራት ገጽ ጻፉ። ቤተ ክርስቲያን እንደዚህ ያለ ረጅም ታሪክ አይነበብም። ሌላ ቀብር ይጠብቃል፤ ካህናቱም ይቸኩላሉ። እሳቸው ግን ሙሉውን አነበቡት። ሥራ የሚለው ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉና «የዚህ ሰፈር አገልጋይ» ብለው አነበቡ። ለእድሩ ኮከብ ስጪ ብትሉኝ አንዱን የምሰጠው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ስለ ቀብሩ ሥነ ሥርዓት ብዙ አልልም። መቃብሩን የቆፈሩት የእድሩ ወጣቶች ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተነጋገረውም እድሩ ነው። ሰዓት ተከብሯል። ፍትሐቱ አልተቸኮለም። ከቀብር በኋላ ተቆጣጣሪው ስም መጥራት ጀመረ። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አፈር ሳይደርቅ «አለሁ»፣ «አለሁ» የሚለው ድምፅ ይከብዳል። አሁን እንደሱ አይሰማኝም። ያ ቅጣት ባይኖር ዘመድ የሌለው ሰው ቀብር ላይ ማን ይቆማል? እማዬ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጉልበቷ እምቢ ሲላት እንኳ በከዘራ እየተደገፈች ትሄድ ነበር። «ዘመድ ላለው ሰው እኔ ባልሄድም ሰው አያጣም። ለብቸኛው ነው የምሄደው» ትለን ነበር።

ምግቡ። ምግቡን ሳልጠቅስ ባልፍ ሴቶቹን እበድላለሁ። ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር ወጥ ነው የተሠራው፣ ከጎኑ ጎመን አለ። ለሦስት ቀን በየቀኑ ከሁለት መቶ ሰው በላይ በልቷል። ሽሮው አልጓጎለም፤ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቷል። እንጀራው የየቤቱ ስለሆነ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰርገኛ ነው፤ እኔ ደስ ያለኝም እሱ ነው። ንፍሮው ስንዴና ሽምብራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ትኩሱን በሳህን ያዞሩታል። ሐዘንተኛ «አልበላም» ሲል ሴቶቹ አይሰሙም። እኔን አንዷ እጄን ይዛ አጎረሰችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ የቀመስኩት የመጀመሪያው ጉርሻ ነው። ቡናው ለአንድ አፍታ አልተቋረጠም። በሦስቱም ቀን አንድ የቤተሰቡ ሰው ጓዳ ገብቶ እቃ አላነሳም። በሠልስቱ ማታ ድስቱ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ፣ ግቢው ተጠርጎ ነው የሄዱት።

ወንዶቹም አድረዋል። ሦስቱንም ሌሊት ቢያንስ አሥር ሰው ድንኳን ውስጥ እሳት አንድዶ አድሯል። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ቀስ ብለው ያወራሉ። እኔ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የእነሱን ድምፅ እየሰማሁ እተኛ ነበር።

አሁን ያስከፋኝን ልናገር።

እድሩ ለሟች ቤተሰብ 15,000 ብር ይሰጣል። ገንዘቡን ልንቀበል ስንሄድ የእናቴ ስም መዝገቡ ላይ አልነበረም። ገጹ የተከፈተው በአባታችን ስም ነው። አባታችን ያረፈው በ1994 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ስትከፍል፣ ስታገለግል የኖረችው እማዬ በመዝገቡ ላይ «ባለቤት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። ስሟ የለም። ገንዘብ ያዡ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው አሉ። የአባቴን የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጅነት ማስረጃ አምጡ ተባልን። ወንድሜ አራት ቀን ተመላለሰ። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» እያለ የሚጠራትን ሴት ማንነት በወረቀት አረጋግጡ ተባልን። ገንዘቡ በአምስተኛው ቀን ተሰጠን። ከገንዘቡ መዘግየት ይልቅ ስሟ አለመኖሩ ነው እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ የቀረው።

መጠኑም ላይ አስተያየት አለኝ። ሳጥኑ ብቻ 22,000 ብር ነው የገዛነው፤ መካከለኛ የሚባለው ነው። 15,000 ብሩ ከብዙ ዓመት በፊት ሲወሰን ሁሉንም ይሸፍን ነበር። አሁን አይሸፍንም። መዋጮው ከፍ ይበል፤ 60 ብር የዛሬ ሁለት ማኪያቶ አይገዛም። አቅም የሌላቸው እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነሱ መላ ይፈለግ፤ ድሮም ለ50 ሳንቲሟ መላ ተገኝቷል።

«ይህን ሁሉ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ እኮ» የሚሉኝ አሉ። አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት አባቷን ስትቀብር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ምግቡን፣ መኪናውን አንድ ላይ ለሚያቀርብ ሰጥታ ነበር። ወንበሩ ጨርቅ የለበሰ፣ ሳህኑ አንድ ዓይነት፣ አስተናጋጁ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ። ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጠቅልለው ሄዱ። እሷና እናቷ ባዶ ድንኳን ውስጥ ቀሩ። ስትነግረኝ አለቀሰች።

እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥም እድር አለን። ገና አዲስ ነው። ደረጃው ላይ «እንደምን አደራችሁ» ከመባባል አላለፍንም ነበር። እማዬ ስታርፍ ግን ከብሎኬ ሃያ ያህል ሰው ሚኒባስ ተከራይቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ መጣ። አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም ነበር። አሁን አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም እከፍላለሁ። ሰፈር ለቃችሁ የወጣችሁ፣ ቤታችሁ ለልማት የፈረሰባችሁም ብትሆኑ፣ የድሮ እድራችሁን አትተዉ እላለሁ። እናታችሁን የሚያውቋት እዚያ ያሉት ናቸው። አዲሱንም ግቡበት።

ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው። መድረስ አልቻለም። ቀብሩን በስልክ ነው የተከታተለው፤ የአጎቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞለት ነበር። እዚያም እድር አላቸው። አባላቱ በዚያው ቀን ማታ ቤቱ ተሰብስበው፣ ምግብ ይዘው መጥተው፣ አብረውት አልቅሰዋል። «ድስቱ ላይ ቁጥር የለውም እንጂ ያው ነው» አለኝ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ድንኳን የማይተከልበት ጊዜ ነበር። እማዬ ያን ጊዜ ነው በጣም ያረጀችብኝ። ሰው ያለ ሰው ሲቀበር ማየት አልቻለችም። ቤት ተቀምጣ በስልክ ታለቅስላቸው ነበር። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበና በዚያው በሽታ ሲያርፉ ሦስት ቀን ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። በአካል አግኝታቸው አታውቅም። ወላጅ ላጡ ሕፃናት ሲሉ ቤታቸውን ትተው የወጡ ሴት መሆናቸውን በሬዲዮ ሰምታ ነበር። «የእሳቸው እድር ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አገሩ በሙሉ» አልኳት። ደስ አላት።

በሚያዝያ ወር የትልቁ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። በስሜ የተመዘገብኩ አባል ባልሆንም አስፈቅጄ ገባሁ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ተነሳሁና ስለ መዝገቡ ተናገርኩ። የሚከፍሉ ሴቶች ሁሉ በራሳቸው ሙሉ ስም ይመዝገቡ አልኩ። ባል ቢኖርም ባይኖርም። ትንሽ ተንጫጩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እናትሽም እንዲህ ነበር የምታስቸግረን፤ እግዜር ነፍሷን ይማር» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አወጡ። ሌሎችም አወጡ። ሊቀመንበሩ በቃለ ጉባኤ አስያዙት። እስካሁን የ43 ሴቶች ስም በአዲሱ መዝገብ ገብቷል። የቀሩም አሉ፤ ጸሐፊው በየቤቱ እየዞሩ እየጻፉ ነው። የክፍያው መጠን ግን ገና አልተነካም፤ ለሚቀጥለው ጉባኤ ቀጥረውታል።

አዲሷ ንብረት ያዥ ወጣት ናት፤ ሂሳብ የተማረች፣ ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ ያስገባች። በፊት ሰግቼ ነበር፤ እቃው ይበተናል ብዬ። አልተበተነም። ባለፈው እሑድ እቃ ቤቱ ስሄድ መደርደሪያው ንጹሕ ነው፤ ብርጭቆው በሳጥን ተለይቷል። ቀለማቸው የለቀቀ ድስቶችን ቁጥር እንደገና እየጻፈች ነበር። 17ን ብቻ አልነካችውም። «እሱን ባለበት ልተወው ብዬ ነው፤ ገና ይነበባል» አለችኝ። ይነበባል።

አባል መሆን ለምትፈልጉ የፈረንሳይ አካባቢ ሰዎች፦ የሴቶች እድር ምዝገባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እቃ ቤቱ በር ላይ ነው። መመዝገቢያ 500 ብር፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መታወቂያ። ከተመዘገባችሁ በኋላ እስከ ሦስት ወር አገልግሎት አይጀመርም። መዝገቡ ላይ ስማችሁን ከነአባታችሁ ከነአያታችሁ ራሳችሁ ጻፉት። መጻፍ የማትችል እናት ካለቻችሁ አብራችኋት ሂዱና ጻፉላት፤ ስትጨርሱ ደግሞ አንብባችሁ አሰሟት።